ዝገቱ ምስክር ነው፦ በውርስ የተገኘ የጃፓን ጎራዴ እንዴት ይለያል?

ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ ጎራዴ ዝጎ ሲገኝ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ጎራዴው የጃፓን ከኾነ ግን ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ የብዙ መቶ ዓመታትን ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1945 ሲያበቃ፣ ጃፓንን የተቆጣጠረው የአሜሪካ ጦር ጎራዴዎች እንዲሰበሰቡ አዘዘ። ብዙዎቹ ተደመሰሱ፤ ብዙዎቹም በወታደሮች ሻንጣ ባሕር ተሻገሩ። ዛሬ የእነዚያ ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች በእጃቸው ያለው የጥንት አንጥረኛ ሥራ ይኹን ወይም የጦርነት ዘመን የፋብሪካ ምርት ለመለየት ይቸገራሉ።

በመጀመሪያ የሚታየው ርዝመቱ ነው። ስለቱ ከ60 ነጥብ 6 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ «ካታና» ወይም «ታቺ»፣ ከ30 ነጥብ 3 እስከ 60 ነጥብ 6 ከኾነ «ዋኪዛሺ»፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ «ታንቶ» ይባላል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ስለቱ ነው። ማጭድ የሚሠራ አንጥረኛ የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ ሲነክረው እንደሚጠነክር አርሶ አደሩ ያውቃል። የጃፓን አንጥረኛ ግን ከመንከሩ በፊት ብረቱን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በጀርባው በኩል ወፍራም፣ በስለቱ በኩል ስስ አድርጎ። ስለቱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፤ ጀርባው ዝግ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ በቀላሉ አይሰበርም። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ነጣ ያለ መስመር «ሃሞን» ይባላል። እውነተኛው ብርሃን ላይ ሲገላበጥ ደቃቅ የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ይታዩበታል፤ በአሲድ ወይም በመፋቅ የተሠራው ማስመሰያ ግን እነዚህ የሉትም።

ዋናው ማስረጃ በእጀታው ውስጥ ተሰውሯል። እጀታውን የምትይዘው ትንሽ የቀርከሃ ችንካር በጥንቃቄ ስትወጣ «ናካጎ» የሚባለው የብረቱ ጭራ ይገለጣል። አንጥረኛው ስሙን፣ አንዳንዴም ዘመኑን የሚቀርጸው በዚህ ላይ ነው። ጎራዴ የሚስሉ ጃፓናውያን ባለሙያዎች ይህን ክፍል አይነኩትም፤ ጥቁርና ለስላሳ የኾነው የቆየ ዝገት ስለ ዕድሜው ይመሰክራልና። ዝገቱ ከተፈገፈገ ምስክሩ ዳግም አይገኝም።

ኾኖም ስም ብቻውን አያሳምንም። የታዋቂ አንጥረኞች ስም በሐሰት የተቀረጸባቸው ጎራዴዎች ብዙ ናቸው፤ ስም ሳይኖራቸው እጅግ የከበሩም አሉ። በስለቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1935 ወዲህ ለበታች ሹማምንት በማሽን የተመረተ ነው።

ወራሹ ማድረግ ያለበት ጥቂት ነው፦ ስለቱን በባዶ እጅ አለመንካት፣ አለመሳል፣ አለመፈግፈግ፤ ጽሑፉን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለባለሙያ ማሳየት። በጃፓን ቤት ውስጥ የተገኘ ጎራዴ ለፖሊስ ይነገራል፤ ከዚያም በአካባቢው የትምህርት ቦርድ በኩል ይመዘገባል። በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ደግሞ መርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

በትክክል የመለየት ጥቅሙ ትልቅ ነው። በካጎሺማ የቴሩኩኒ መቅደስ ንብረት የነበረው የኩኒሙኔ ጎራዴ ከጦርነቱ በኋላ ጠፍቶ ነበር። ዋልተር ኮምፕተን የተባሉ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በሀገራቸው አግኝተው ማንነቱን በመለየታቸው በ1963 ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1945 መጨረሻ ለባለሥልጣናት የተሰጠው ዝነኛው «ሆንጆ ማሳሙኔ» ግን እስከ ዛሬ የደረሰበት አልታወቀም። ምናልባት ምን እንደ ያዘ የማያውቅ አንድ ወራሽ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኾናል።

በእኛም ሀገር የአያቱን ጎራዴ በክብር ያስቀመጠ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። የማን እንደ ነበረና ከየት እንደ መጣ ታላላቆችን ጠይቆ መጻፍ ብረቱን ከማጽዳት ይቀድማል።