ገጹ ተከፍቶ ፎቶግራፉ ሲጠፋ፦ «404» ምን ማለት ነው?

አንድ አርሶ አደር በስንዴ ማሳው ላይ ቢጫ ዋግ የሚመስል ምልክት አይቶ በስልኩ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ድረ ገጽ ከፈተ እንበል። ጽሑፉ ይነበባል፤ በሽታውን ለመለየት የሚረዳውን ፎቶግራፍ ሲጫን ግን «404» የሚል ቁጥር ይመጣል። ትርጉሙ «የተጠየቀው አልተገኘም» ነው። መልእክቱ የመጣው ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ በመሆኑ ተጨማሪ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት መፍትሔ አይሆንም።

ፎቶግራፉ ሳይጠፋም ይህ ሊከሰት ይችላል። ፎቶግራፎች፣ በራሪ ጽሑፎችና የዋጋ ሰንጠረዦች ሰርቨሩ ሳይለውጥ እንዳሉ የሚልካቸው ፋይሎች ናቸው። ባለሙያዎችም ከዋናው ገጽ ለይተው ለምሳሌ «/ፎቶ/» በሚል ንዑስ አድራሻ ሥር ያቀርቧቸዋል። ችግሩ የሚፈጠረው ይህ አድራሻ ከትክክለኛው ፎልደር ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ነው።

ከታወቁት የሰርቨር ሶፍትዌሮች አንዱ ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያቀረበው «ኤንጂን ኤክስ» ነው። በእርሱ ንዑስ አድራሻን ከፎልደር ጋር የሚያገናኙት ትእዛዞች «ሩት» እና «አልያስ» ይባላሉ።

ፎቶግራፎቹ «/መጋዘን/ሥዕሎች/» በተባለ ፎልደር ውስጥ ቢቀመጡ፣ «ሩት» የተጠየቀውን አድራሻ እንዳለ በፎልደሩ ስም ላይ ይቀጥላል። ሰርቨሩም «/መጋዘን/ሥዕሎች/ፎቶ/ዋግ» የሚል ቦታ ይፈልጋል፤ ስለማያገኝም «404» ይመልሳል። «አልያስ» ግን «/ፎቶ/» የሚለውን በፎልደሩ ስም ይተካዋል። በዚህም «/መጋዘን/ሥዕሎች/ዋግ» ላይ ደርሶ ፎቶግራፉን ያመጣል። ፎልደሩ ተገኝቶ ሰርቨሩ የማንበብ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ የሚመጣው ቁጥር «403» ነው።

በ«አልያስ» ሲሠራ እዝባርን (/) መርሳት አደጋ አለው። ንዑስ አድራሻው መጨረሻው ላይ ያለ እዝባር፣ ፎልደሩ ግን በእዝባር ከተጻፈ፣ ተንኮለኛ ሰው አድራሻውን አጣሞ ከአንድ ደረጃ በላይ ያለውን ፎልደር ሊያነብ ይችላል። በዚያም የአባላት ስም፣ የስልክ ቁጥርና የማሳ ስፋት የሰፈረበት መዝገብ ካለ ለባዕድ ዓይን ይጋለጣል። ስለዚህ እዝባሩ በሁለቱም መጨረሻ ላይ መኖር አለበት፤ የአባላት መዝገብም ከሕዝብ ፋይሎች አጠገብ መቀመጥ የለበትም።

ባለሙያው ማስተካከያውን በሶፍትዌሩ የፍተሻ ትእዛዝ አረጋግጦ ሰርቨሩ ቅንብሩን እንደገና እንዲያነብ ካደረገ በኋላ፣ ፎቶግራፉን በራሱ ስልክ ከፍቶ ማየት ይኖርበታል። ተጠቃሚውም «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ከማለት ይልቅ የታየውን ቁጥርና ሙሉ አድራሻውን ለማኅበሩ ቢያሳውቅ ጥፋቱ ቶሎ ይገኛል። ዋግ ማሳ ውስጥ ሲዛመት የሚባክን ቀን የለምና።