ከክታብ እስከ መሰንቆ፦ ፈረስና ጥበቡ በደቡብ ጎንደር ደጋ

ጥር 25 ቀን ለቅዱስ መርቆሬዎስ ንግሥ ደብረ ታቦር የወጣ ሰው ሰማዕቱን በሥዕል ያየዋል፤ ጥቁር ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከሓዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን በጦር ሲወጋ። ወደ ሜዳው ዞር ሲል ደግሞ የአገሬው ፈረሰኛ ፈረሱን አስጊጦ፣ ዘንጉን ጨብጦ ለጉግስ ሲሰለፍ ያገኘዋል። የፈረስ ጥበብ ሥዕሉና ግልቢያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳሰሳው እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። በዚህ ደጋ ግን ጥበቡ በሰው ዕድሜ ላይ ተበትኖ ነው የኖረው። ለአራስ ቤት ሌላ ፈረስ አለ፣ ለጎረምሳ ሌላ፣ ለሹም ሌላ፣ ለለቅሶም ሌላ።

ልጅ ከእናቱ ጡት ሳይለይ የሚጠብቀው ፈረሰኛ ቅዱስ ሱስንዮስ ነው። በብራና ክታብ ላይ ቅዱሱ ከፈረሱ ሳይወርድ ውርዝልያን፣ ያቺን ሕፃናት ትገድላለች የምትባለውን፣ በጦር ሲወጋ ይሣላል። ደብተራው ክታቡን በባለቤቱ ቁመት ልክ ቆርጦ መጻፉ የቆየ ልማድ ነው፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ክታብን የማይወዱ ካህናት ብዙ ናቸው፤ ክርክራቸውን ለእነሱ ልተወውና፣ ሥዕሉ ግን የፈረስ ሥዕል ነው። ስፋቱ መዳፍ በሚያህል ብራና ላይ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም፣ ለአንዲት እናት ተብሎ የተሠራ።

ቀጥሎ የሸንበቆ ፈረስ ይመጣል። ሸንበቆውን እግሩ መሃል አስገብቶ «ቼ!» የሚል ሕፃን ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከብት ጥበቃ ሲወጣ ያለ ኮርቻ ጋማ ይዞ መጋለብ ይጀምራል። የደጋ ልጅ ቀለም የሚለየው በፈረስ ነው ብል ብዙም አላጋነንሁ። ነጩ አምባላይ ነው፣ ቀዩ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። አካሄዱም እንዲሁ ስም አለው፤ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ። ከተማ ላደግነው እነዚህ የመዝገበ ቃላት ቃላት ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በጉና ተራራ ሥር ላለ ገበሬ ግን የገበያ ቀን ቃላት ናቸው።

ጉብዝና ሲመጣ ጉግስ ይመጣል። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው በሽምጥ እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል። ሸሺው ፈረሱን ሳያቀዘቅዝ ከወገቡ ዞሮ ወደ ኋላው ያያል፤ ዘንጉን በጋሻው ይመክታል ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ያሳልፈዋል። ከዚያ ሸሺው አባራሪ ይሆናል። ተመልካቹ የሚጮኸው ዘንግ ለመታው ሳይሆን በዞረበት ቅጽበት ልጓሙን ላልሳተው ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ጥበቡ ያለው እዚያች መዞር ላይ ነውና። (የደብረ ታቦር ቆርቋሪ ራስ ጉግሣ መሆናቸውን ከጨዋታው ስም ጋር የሚያያይዝ አይጠፋም። ስም ስለተቀራረበ ብቻ ግን ታሪክ አይሆንም።) የቱርኮች ጅሪት ለጉግስ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሞሮኮዎች ደግሞ ተቡሪዳ የሚሉትን የፈረሰኛ ትርኢታቸውን በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ አስገብተዋል። በእኛው ክልል በአደረጃጀት ቀድሞ የሄደው አዊ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ አባላቱ በለቅሶ ይረዳዳሉ፣ የተጣላም ያስታርቃሉ።

ጎልማሳው ስም ሲያወጣ ፈረሱ ቃል ይሆናል፤ ሰውየውም በፈረሱ ስም ይጠራል። የፈረስ ስም ከሥነ ቃላችን ሁሉ አጭሩ ግጥም ይመስለኛል፤ «አባ» ይልና አንድ ቃል ያስከትላል። ደብረ ታቦርን መናገሻ ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፤ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ሦስቱም ትእዛዝ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ጌታ ፈረሱን ያዛል፣ ስሙ ተመልሶ ጌታውን ያዘዋል። ምኒልክ አባ ዳኛው ሲባሉ ግን ነገሩ ከትእዛዝ ወደ ሹመት ይዞራል። ከቴዎድሮስ በፊት ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው የገዙት ራስ ዓሊም አባ ቡላ ነበሩ፤ ቡላ የፈረስ መልክ ነው። እነዚህን ስሞች ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ቼ በለው» ብለው ባይሰበስቡልን ኖሮ አብዛኞቹ ከፎካሪዎቹ ጋር በተቀበሩ ነበር።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረታችን። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ግን ይህን የተቀበለ አይመስልም። ጊዮርጊስ ነጭ ፈረሱን ደራጎኑ ላይ ያቆመዋል፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ታያለች። ቴዎድሮስ፣ ገላውዴዎስ፣ ፊቅጦር፣ ፋሲለደስ በየፈረሳቸው ይሰለፋሉ። በደቡብ ጎንደር ያለው ቆማ ፋሲለደስም በዚሁ ፈረሰኛ ሰማዕት ስም የታነጸ ነው። ቅዱሱ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን እግሩ ነው። የሀገራችን የድሮ እርካብ ጫማ የሚያስገባ አይደለም፤ ጠባብ ቀለበት ነው፤ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ይሰካበታል። ሠዓሊው ያንን ጣት አይረሳም። ሰማዕቱ የሮም መኮንን ነበረ ይለናል ገድሉ፤ በሥዕሉ ግን በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለ የፋርታ ጎበዝ እንደሚጋልበው ነው የሚጋልበው። ግላሱን፣ የኮርቻውን ጌጥ፣ የልጓሙን ጥልፍ ብናይ የጎንደር ዘመን መኳንንት ፈረሳቸውን ምን ያለብሱ እንደነበር ከነቀለሙ እናገኛለን። የሚያሳዝነው፣ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ጓድ ከግድግዳ ላይ ያነሣቸውን ሥዕሎች ለማየት ዛሬ ፓሪስ መሄድ ያስፈልጋል።

የጦር ሜዳው ፈረስ ዕጣው ሌላ ሆነ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ሜዳ ላይ ሲወድቁ፣ ከማዕከላዊው መንግሥት በኩል አውሮፕላን ተሰልፎ ነበር። ሰባት ወር ቆይቶ፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ተመረቀ። ፈረስ ከዚያም በኋላ ለአርበኞች አገልግሏል፤ ነገር ግን ሜዳውን ለአውሮፕላን ለቆ ወደ ሐውልትና ወደ በዓል መግባቱ ከዚያ ዓመት ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ደጋው ላይ ያቆየው ወታደሩ አይደለም፤ መርቆሬዎስ ነው። ጥር 25 ባይኖር ኖሮ ዛሬ እህል ጭኖ ገበያ የሚወርደውን ፈረስ ለአንድ ቀን በጌጥ የሚያለብሰው ማን ነበር?

ጌታው ሲሞት ፈረሱ ለቅሶ ይወጣል። በቀድሞው ወግ የጀግና ፈረስ ተጭኖ፣ የሟቹ ጋሻና ልብስ ተደርጎበት፣ ባዶ ኮርቻውን ይዞ በአልቃሹ መሃል ይሳባል፤ አልቃሿ ሟቹን በፈረስ ስሙ ትጠራዋለች። ፈረሱ ራሱ ሲሞት ሥጋው አይበላምና ለጅብ ይተዋል። ጭራው ግን አይጣልም። የመሰንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ነው፤ መምቻውም እንዲሁ። አዝማሪው አባ እገሌን ሲያወድስ ጭራን በጭራ እየፈተገ ነው።

ሥዕሉን ያሠራው በድንግል ማርያም ፊት ስሙን አስጽፏል፣ አዝማሪውም ስም አለው። ኮርቻውን የጠረበው፣ ግላሱን የጠለፈው፣ ቆዳውን አልፍቶ ልጓሙን የሰፋው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ሥራ ሲናቅ ኖሮ ያለ ስም ያልፋል። በመጪው ጥር ለመርቆሬዎስ የምትወጡ፣ ካሜራችሁን ለጥቂት ደቂቃ ከግልቢያው መልሱትና ኮርቻውን አንሡት፤ ማን እንደሠራውም ባለፈረሱን ጠይቁና ስሙን ጻፉ።