ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል፦ ስንቁ ተሰናድቷል፤ ልጁስ?

በሰኔ ወር የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እንደተጠናቀቀ በገጠር አጥቢያዎቻችን የታወቀ ዝግጅት ይጀመራል። እናት በርበሬና ሽሮ ታዘጋጃለች፣ በሶ ታስፈጫለች፣ ድርቆሽ ታደርቃለች። አባት በግ ወይም እህል ሸጦ ለቤት ኪራይ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆነውን ያጠራቅማል። የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀበሌው ቢገኝም ሁለተኛ ደረጃው ብዙውን ጊዜ ወረዳው ከተማ ላይ ነውና፣ የዐሥራ አራትና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ መስከረም ሲጠባ ከወላጆቹ ተለይቶ በኪራይ ቤት መኖር ይጀምራል።

በአንድ የጉብኝት ጊዜ ያነጋገርናቸው አባት ስለ ልጃቸው ሲነግሩን፣ «ስንቁን ሞልቼ፣ ኪራዩን ከፍዬ፣ መርቄ ሸኘሁት፤ ለኅዳር አጨዳ መጥቶ በዚያው ቀረ፤ ምን እንዳጎደልሁበት እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉን። እኒህ አባት አቅማቸው የፈቀደውን ሁሉ አድርገዋል። ያልተዘጋጀው ልጁ ራሱ ነበር፤ እርሱን ማዘጋጀት ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት ያቀረብነውም ስለዚሁ ነው።

በቅድሚያ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ለውጥ አለ። ቀድሞ ተማሪው ዐሥረኛ ክፍል ላይ በብሔራዊ ፈተና ይለይ ስለነበር ድካሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ይታወቅ ነበር። ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። አሁን ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ያለው አራት ዓመት አንድ ወጥ ጉዞ ሲሆን፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ይመረጣል፤ ብሔራዊው ፈተና የሚጠብቀው በመጨረሻው ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። የውጤቱ መውረድ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በተማሪው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተጀመረ ድካም ሳይታወቅ አራት ዓመት ሊከርም እንደሚችል ወላጅ ቢረዳ፣ «ገና ነው፣ ይደርሳል» ማለቱን ይተዋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት ክፍል እንደየክልሉ ቢለያይም፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን ከአገር ውስጥ ቋንቋዎች በቀር የሚሰጠው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። «ብርሃን አስተጻምሮ» ብሎ የተማረውን ልጅ «ፎቶሲንተሲስ» ሲሉት፣ «ጎነ ሦስት» ያለውን «ትራያንግል» ሲሉት፣ የሚያውቀውን ነገር የማያውቀው ይመስለዋል። በቀበሌው የክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ ከከተማ ልጆች ጋር ተቀምጦ እጁን ለማውጣት ያፍራል፤ ከሁለት ወር በኋላም «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብሎ ይደመድማል። ልጁ ያጣው ማስተዋልን ሳይሆን ቃላትን መሆኑን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። በአጥቢያው ለክረምት ዕረፍት የመጡ የዐሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወይም የዩኒቨርሲቲ ልጆች አይጠፉም። ሰበካ ጉባኤው በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል አስተባብሯቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሒሳብና ከሳይንስ የተለመዱትን ቃላት በሁለቱ ቋንቋዎች ቢያስጠኑ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። እነርሱ ራሳቸው በዚያው መንገድ ያለፉ ስለሆነ ከማንም በላይ ይታመናሉ።

ሁለተኛው እንቅፋት መቅረት ነው፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ ካህናትን ይመለከታል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከአጨዳና ከውቂያ ጋር ይገጥማል። አባት «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ ልጁን ያስጠራል፤ ሳምንቱ ሦስት ይሆናል፤ ልጁ ሲመለስ ትምህርቱ ጥሎት ሄዷል፤ ፈተናም አምልጦታል። በዓላትም አሉ። በገጠር ሥራ የማይሠራባቸው የወር በዓላት ብዙ ናቸውና አንዳንድ ወላጆች ልጁ በእነዚያ ቀናት ትምህርት ቤት መሄዱ እንደ እርሻ ሥራ ተቆጥሮ ኃጢአት እንዳይሆንበት ይሰጋሉ። ይህን ጥያቄ የሚያቀርቡት ለንስሐ አባታቸው ነው። ጠዋት ተሳልሞ ወደ ክፍል መግባት በዓሉን መሻር እንዳልሆነ የንስሐ አባቱ በግልጽ ከነገራቸው ነገሩ ያልቃል፤ ዝም ካለ ግን ዝምታው እንደ ክልከላ ይወሰዳል። ስለ አጨዳውም ቢሆን ዕድሩና ጎረቤቱ በደቦ እንዲያግዙ ከመስቀል በፊት መነጋገር፣ በኅዳር ልጁን ከማስጠራት ይሻላል።

ስለ ልጃገረዶች ለብቻው እንናገራለን፤ ጉዳቱ እኩል አይደለምና። ሴት ልጅን ወደ ከተማ የሚልክ አባት ሁለት ነገር ያስፈራዋል፦ መደፈርና ስም ማጣት። በዚህ ፍርሃት ምክንያት የስምንተኛ ክፍል ውጤቷ ጥሩ ሆኖ ሳለ የምትዳር ልጅ አለች። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት ነው። ነገር ግን ሕጉን መጥቀስ ብቻ የአባትን ስጋት አያስወግድም። ስጋቱን የሚያቀልለው ልጅቷ የምታድርበት ቤት መታወቁ ነው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋልን? በግቢው ሌላ ማን ይኖራል? አጠገቡ አረቄ ቤት አለን? መጸዳጃው ከግቢው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይመሽባታልን? አባት ለብቻው ገበያ ውሎ ባገኘው ክፍል ቀብድ ከመክፈል ይልቅ፣ ከተማውን የምታውቅ አንዲት እናት ከሰበካ ጉባኤው ተመርጣ አብራው ሄዳ ብታይ ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን ይጣራል። የአንድ አጥቢያ ሴት ልጆች ሦስት ወይም አራት ሆነው በአንድ ቤት ቢያድሩ ኪራዩም ይቀልላል፣ ብቸኝነቱም ይቀራል።

ወንዶቹም የራሳቸው ችግር አለባቸው፤ ምግብ ማብሰል አያውቁም። ሽሮው ተቋጥሮ ሳለ ድርቆሽ በውኃ እያራሱ የሚበሉ፣ ተርበው ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉ ልጆች አጋጥመውናል። እናቶች በዚህ ክረምት ወንድ ልጃቸውን ወጥ መሥራት ቢያስተምሩት ነውር የለውም፤ የአብነት ተማሪ የራሱን ምግብ ሲያሰናዳ የኖረ አይደለምን?

የአብነት ተማሪን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ርቆ እንዴት እንደሚማር ከማንም ቀድማ ታውቃለች። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል መንደሩ ማን እንደሆነ ያውቀው ነበር። ከጉባኤ ቤቱ ሲደርስ በስሙ የሚጠራው መምህር፣ ጎጆውን የሚያካፍለው ቀዳሚ ተማሪ ነበረው። ቢታመም የሚጠይቀው አያጣም። የዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪ ግን በከተማው የሚያውቀው አከራዩን ብቻ ነው፤ አከራዩም የሚያውቀው የወሩን መጨረሻ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት እንደ ቤተ ክርስቲያን የተመቻቸ አካል የለም፤ ልጁ ከተነሣበትም ከሚደርስበትም ስፍራ ሰበካ ጉባኤ አለና። የምናሳስበው አሠራር ቀላል ነው። የንስሐ አባቱ ወይም የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ከአጥቢያው የሚሄዱትን ተማሪዎች ስም፣ የወላጆቻቸውን ስልክና የሚያድሩበትን ሰፈር ጽፎ፣ በወላጆች ፈቃድ፣ ለከተማው ደብር አስተዳዳሪ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይልካል። የሴት ልጆች አድራሻ በግልጽ ዝርዝር ላይ እንዳይለጠፍ፣ ኃላፊነቱን ለተቀበለች አንዲት እናት ብቻ እንዲሰጥ ይሁን። ደብሩ በበኩሉ ተማሪዎቹን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ያገናኛል፤ ለየሦስቱ ወይም ለየአራቱ ልጆችም አንድ ቤተሰብ ይመድባል። ቤተሰቡ እንዲመግባቸው አይጠየቅም። በየሁለት ሳምንቱ «እንዴት ሰነበታችሁ? ማን ቀረ? ማን ታመመ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ልጅ ከትምህርት የሚቀረው በአንድ ቀን ስላልሆነ ከሳምንት በፊት የደረሰ ወሬ ያድነዋል። የደብሩ አዳራሽ መብራት ካለው ከሠርክ ጸሎት በኋላ ሁለት ሰዓት ለጥናት ቢከፈት ኩራዝ የሌለው ሁሉ ይጠቀማል፤ የሌላ እምነት ልጅ መጥቶ ቢያጠናም በሩ አይዘጋበት። በምላሹ ልጆቹን ለደብሩ ጉልበት ሥራ መጥራት ግን አይገባም፤ የሚያጠኑበትን ሰዓት ስንወስድ የሰጠናቸውን መልሰን መውሰዳችን ነው።

ስለ ሰነዶችም አጭር ማሳሰቢያ አለን። የተማሪው ስም በስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ፣ በልደት ማስረጃውና በሪፖርት ካርዱ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑ ከምዝገባ በፊት ይታይ። በቤት የሚጠራበት ስም፣ የክርስትና ስሙና የትምህርት ቤት ስሙ የተደበላለቀባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የተገኘ የአንድ ፊደል ልዩነት ብዙ ደጅ ያስጠናል። የዋናው ሰነድ ቅጂ በወላጅ ቤት ይቀመጥ።

ለዚህ ሁሉ ምክክር ከጾመ ፍልሰታ የተሻለ ጊዜ አናውቅም። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሕፃናትና ወላጆች በአንድነት ለቅዳሴ ይመጣሉ፤ የስምንተኛ ክፍል ውጤትም በዚያው ሰሞን ይነገራል፤ ምዝገባ ገና ነው። ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ቀን ወላጆችንና ልጆችን ለየብቻ ማነጋገር ይበጃል፤ ልጅ በአባቱ ፊት ፍርሃቱን አይናገርምና። ሁለተኛው ስብሰባ በኅዳር መጨረሻ፣ አጨዳው ሳያልቅ ይሁን። ያን ጊዜ ሰበካ ጉባኤው ዝርዝሩን አውጥቶ ከከተማው ደብር ጋር በስልክ ያስተያየው፤ ስሙ ተጠርቶ «እዚህ የለም» የተባለ ተማሪ ካለ፣ የንስሐ አባቱ በዚያው ሳምንት ወደ ቤቱ ይሂድ።