የነሐስ የላምባ ምድጃ ሲያረጅ በብር ስለ መበየድ

ከአባት የተላለፈ ዕቃ በቤት ሲገኝ፤ አሮጌ ነው ብሎ ከመጣል ይልቅ አስጠግኖ በሥራ ላይ ማዋል የብልኅ ባለቤትና የብልኅ እመቤት ተግባር ነው። ነገር ግን ላምባና እሳት የሚገናኙበትን ዕቃ ማስጠገን የተሰበረ ወንበር እንደ ማስጠገን አይደለም፤ ክፉ ጥገና ቤትን ከነሰዉ ያቃጥላልና። ስለዚህ በአየር ግፊት የሚነደው የነሐስ ምድጃ ሲያልቅና ሲሰነጠቅ በምን ሊበየድ እንደሚገባ ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

ፕሪሙስ የሚባለውን ምድጃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በስቶክሆልም ከተማ የሠራው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የሚባል ስዊድናዊ መካኒክ ነው። ይህ ምድጃ ፈትል የለውም። በትንሽ ፓምፕ የተገፋው አየር ላምባውን በቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ ይሰደዋል፤ አስቀድሞ በአልኮል እሳት የጋለው ራሱም ላምባውን ወደ ተን ይለውጠዋል፤ ተኑም ከጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ ከአየር ጋራ ሲቀላቀል ጥላሸት በሌለው ሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ሮአልድ አሙንድሰን በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ በተጓዘ ጊዜ ምግቡን ያበሰለው በዚህ ዓይነት ምድጃ ነበር።

የምድጃው ራስ ዘወትር ሲግልና ሲቀዘቅዝ ከብዙ ዘመን በኋላ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ተኑ ከማይገባው ስፍራ ይወጣና ነበልባሉ ወደ ላምባው ማጠራቀሚያ ይጠጋል። አደጋውም ከዚህ ይጀምራል።

ብዙ ሰው ይህን ስንጥቅ በቆርቆሮና በእርሳስ ድብልቅ ያስደፍነዋል። ይህ ድብልቅ ግን በ183 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል። ላምባው ለሚያቀዘቅዘው ለታችኛው አካል ይበቃል፤ ለጋለው ራስ ግን ከቶ አይሆንም። ማታ የተጠገነ መስሎ ይታይና ምድጃው በተለኮሰ ጊዜ ይከዳል።

ብር ብቻውንም አይረዳም። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሲሆን ነሐስ ግን ከ900 እስከ 950 ባለው ስለሚቀልጥ፤ ብሩ ሳይፈስ ዕቃው ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ብሩ ከመዳብና ከዚንክ ጋራ ይደባለቃል። ከመቶው 56 እጅ ብር ያለበት፤ ጥቂት ቆርቆሮም የተጨመረበት መበየጃ በ650 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ይሆናል። የማርያ ቴሬዛን ብር አቅልጠው ጌጥ ይሠሩ የነበሩት አንጥረኞቻችንም ይህን ጥበብ ያውቁታል። ሆኖም ያ ብር ከሺሁ 833 እጅ ንጹሕ ብር ስለሆነና ዚንክ ስለሌለበት እንዳለ ለነሐስ ምድጃ መበየጃ ሊሆን አይገባም።

የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መጋጠሚያው ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት ይጸዳል፤ ቅባት ባለበት ብር አይዝምና። ቀጥሎም ቦራክስ ያለበት ማፍሰሻ ይቀባል። እሳቱም በመበየጃው ላይ ሳይሆን በዕቃው ላይ ይደረጋል፤ ነሐሱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን መበየጃው በነካው ጊዜ ራሱ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ነገር ግን ብሩ የሚሰርገው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል በሆነ ጠባብ ክፍተት ነው። ከማለቅ ብዛት የሰፋውን ቀዳዳ በብር መሙላት ከንቱ ድካም ነው፤ ቀዳዳውን አስተካክሎ፤ በልኩ የተሠራ የነሐስ ቀለበት አግብቶ፤ ቀለበቱን በብር መበየድ ይገባል። በመጨረሻም የደረቀው ማፍሰሻ በሙቅ ውሃ ይታጠባል።

ሦስት ነገር ከቶ አይረሳ። አንደኛ፤ ራሱ ከማጠራቀሚያው ተፈትቶ ብቻውን ይበየድ እንጂ ላምባ የነበረበት ዕቃ ወደ እሳት አይቅረብ፤ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ተን ይፈነዳልና። ሁለተኛ፤ ከድሮ መበየጃዎች ብዙዎቹ ካድሚየም ነበረባቸው፤ ጢሱም ለሳንባ ብርቱ መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቂት ጉዳይ በቀር ከ2011 ጀምሮ ከልክሎታልና፤ ሲገዛ ካድሚየም የሌለበት መሆኑ ይጠየቅ። ሦስተኛ፤ የተጠገነው ምድጃ ከመለኮሱ በፊት ላምባ ሳይጨመርበት አየር ተሞልቶ በውሃ ውስጥ ይጥለቅ፤ አረፋ ከወጣ ገና አልዳነም።

ባለሙያው ዋጋውን ሲናገር ርካሹን ከመምረጥ በፊት በምን እንደሚበይደው መጠየቅ መልካም ነው። ለብር የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በምድጃው ዙሪያ የሚቀመጡት ልጆች ግን ዋጋ የላቸውምና።