ዕዳው ተከፍሎ ያልቃል ወይ?

በአማርኛችን ዕዳ የሚለው ቃል ድርብ ሸክም አለው። ገንዘብ የተበደረም ባለዕዳ ነው፤ ደም ያፈሰሰም ባለዕዳ ነው። ወንጀለኛ ተፈርዶበት ወህኒ ከገባ በኋላ፥ የተቈረጠበትን ዘመን ጨርሶ ሲወጣ ዕዳውን ከፈለ እንላለን። እንግዲህ ይህ ሰው በምርጫ ቀን ከሌላው ጋር ተሰልፎ ድምፁን ሊሰጥ ይገባዋልን? ነገሩ ለሕግ ተማሪም፥ መዝገብ ይዞ ለሚቀመጥ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛም የሚያሳስብ ስለ ሆነ፥ በሰፊው ከተፈተነበት አገር ምሳሌ ወስደን እንመለከተዋለን። የዚያን አገር ዘመናት የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ የምትገኘው የፍሎሪዳ ግዛት በ1868 ባወጣችው ሕገ መንግሥት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው እንዳይመርጥ ከልክላ ነበር። ቅጣቱን ቢጨርስም እንኳ፥ መብቱ የሚመለስለት ባለሥልጣኖቹ ምሕረት ሲያደርጉለት ብቻ ነበረ። የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚጠራጠር ቢኖር፥ በ2000 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ በፍሎሪዳ አሸናፊው የተለየው በ537 ድምፅ እንደ ነበረ ያስታውስ።

ከተከለከሉት አንዱ ዴዝሞንድ ሚድ ነበረ። ይህ ሰው በዕፅ ሱስ ተይዞ፥ ታስሮ፥ ቤት አጥቶ የኖረ ነው። በ2005 ሕይወቱን ለማጥፋት አስቦ ከሐዲድ አጠገብ ቆሞ ባቡር ሲጠብቅ፥ ባቡሩ ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ጀምሮ በ2014 በሕግ ተመረቀ። በ2016 ሚስቱ ለግዛቲቱ ምክር ቤት ስትወዳደር ግን፥ የገዛ ባሏ ሊመርጣት አልተፈቀደለትም። ሚድና ጓደኞቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረቡ። ኅዳር 6 ቀን 2018 ሕዝቡ፥ ከነፍሰ ገዳዮችና የግብረ ሥጋ ወንጀል ከፈጸሙት በቀር፥ ቅጣቱን የፈጸመ ሁሉ እንዲመርጥ ወሰነ። የሚያስፈልገው ከመቶ 60 ሲሆን፥ የተገኘው ከ64 በላይ ነበረ።

በ2019 ግን የግዛቲቱ ምክር ቤት፥ ቅጣት ማለት እስራቱ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ መቀጫው፥ የፍርድ ቤት ወጪውና ለተበዳዩ የሚከፈለው ካሣ ጭምር ነው የሚል ሕግ አወጣ። ይህ ክርክር እንዲያው የሚናቅ አይደለም፤ የበደለውን ሰው ያልካሰ ዕዳውን ጨረሰ ለማለት ያስቸግራልና። ችግሩ የመጣው ከመዝገቡ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፥ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው የ153 ሰዎችን ዕዳ ለማጣራት ብዙ ከደከሙ በኋላ፥ መዝገቡ ሳይጋጭ የተገኘው የ3ቱ ብቻ መሆኑ ተገለጸ። የምርጫው መሥሪያ ቤት በበኩሉ 85,000 ያህል ማመልከቻ ተከምሮበት አንዱንም አጣርቶ አልጨረሰም ነበር። ዳኛው ሮበርት ሂንክል በግንቦት ወር 2020፥ መክፈል የማይችለውን በድህነቱ ምክንያት ከምርጫ ማገድ ሕገ መንግሥቱን ይቃወማል ሲሉ ፈረዱ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሕግ ጠቀስ እናድርግ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 123፥ የመምረጥና የመመረጥ መብትን መሻርን ለፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይተወዋል። እንዲህ ሲሆን፥ ማን እንደ ተሻረና ማን እንዳልተሻረ ከፍርዱ ወረቀት ይነበባል። ዳኛው ሳይናገሩት በሰው ላይ ከሚወርድ ክልከላ ይህ ይሻላል ብለን እናምናለን።

በፍሎሪዳ ግን የዳኛ ሂንክል ፍርድ ብዙ አልቈየም። መስከረም 11 ቀን 2020፥ ምርጫው ሁለት ወር ሳይሞላው፥ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ6 ዳኞች ለ4 ሻረው። ስለዚህ የቀድሞ እስረኛ መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ፥ መብቱ ተመልሶልኛል ብሎ በመሐላ መፈረም ሊኖርበት ነው፤ አውቆ በሐሰት ቢፈርም ደግሞ ወንጀል ይሆንበታል።

በነሐሴ 2022 የግዛቲቱ ገዥ፥ ሳይፈቀድላቸው መርጠዋል የተባሉ 20 የቀድሞ ወንጀለኞች መያዛቸውን አስታወቁ። ከነዚህ መካከል በርካታዎቹ፥ መብቱ የተመለሰላቸው መስሏቸው እንደ ነበረ ተናገሩ። የመራጭነት ካርድ ደርሷቸው ነበርና። ካርዱን የላከላቸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረ።