ጠመንጃ የማይመልሰው እፉኝት

ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት የምትገኝ የታች አርማጭሆ ከተማ ነች። በአርማጭሆ ወንድ መሣሪያ ይዞ መንገድ መውጣቱ የቆየ ልማድ ነው። እስከ አብደራፊ በተዘረጋው የሰሊጥና የማሽላ ማሳ ውስጥ ግን ጠመንጃ ከማይመልሰው አውሬ ጋር ነው ግጥሚያው፤ ከእግር ሥር ከተኛ እባብ ጋር።

ክረምት ሲገባ ለአረም፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ለአጨዳ እጅግ ብዙ ወጣት ከደጋ ወደ በረሃው ይወርዳል። አብዛኛው ሜዳ ላይ ይተኛል፤ እግሩ ላይ ቢበዛ ኮንጎ ጫማ ነው ያለው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አብደራፊ ላይ ከካላዛር ጎን ለጎን በእባብ የተነደፉትን ለዓመታት ሲያክሙ የኖሩት ለዚህ ነው።

ብዙው እባብ የሰው ኮቴ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ይሸሻል። ወፍራሙ የአፍሪካ እፉኝት ግን አይሸሽም፤ ከአፈሩ ጋር በሚመሳሰል ቀለሙ ተማምኖ ባለበት ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ የሠለጠኑ ውሾች እንኳ ጠረኑን መለየት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ውሻ አስከትሎ መሄድም፣ እየጮኹ መሄድም አያስጥልም። የሚያስጥለው በሌሊት መብራት መያዝ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቦቲ መጫማት፣ የሰሊጡን ሂላ (የታጨደ ነዶ ክምር) በእጅ ከመንካት በፊት በረጅም እንጨት መፈተሽ ነው። ሲተኙም ከመሬት ከፍ ማለትና የአጎበሩን ጠርዝ ከምንጣፉ ሥር አጥብቆ መወተፍ ይገባል። አጎበር እባብንም እንደሚከላከል በኔፓል ቆላማ መንደሮች የተደረገ ጥናት አረጋግጧል።

በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቆላ የሚኖር ሌላ አነስተኛ እፉኝት አለ፤ ሲቆጣ ቅርፊቱን እያፋተገ ድምፅ ያሰማል። መርዙ ደምን የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ያለቦታቸው ቀስቅሶ ይጨርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ደም ከድድ፣ ከቆየ ቁስል፣ አንዳንዴም በአንጎል ውስጥ ይፈስሳል። ይህን ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጤና ባለሙያው ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ብልቃጥ ቀድቶ 20 ደቂቃ ሳይነካው ያቆየዋል፤ ከዚያ ሲያዘነብለው ደሙ ሳይረጋ ከፈሰሰ መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

በምላጭ መብጣት ክፉ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የማይረጋ ደም የሚፈስበት ሌላ በር ይከፍታል። በገመድ ጠፍሮ ማሰር ደግሞ ሥጋ የሚያበሰብሰውን መርዝ አንድ ቦታ ያጉረዋል፤ ደም የተቋረጠበት እግር ሊቆረጥም ይችላል። በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት ጊዜ ከመብላት ሌላ ጥቅም የላቸውም። መርዙን ወደ ሰውነት የሚገፋው የጡንቻ እንቅስቃሴ ስለሆነ የተነደፈው ሰው መራመድ የለበትም። ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይቀድም ይውለቅ፤ እግሩ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ይደገፍ፤ ከዚያ በቃሬዛ ወይም በተገኘው መኪና ወደ ሐኪም። የአገራችን ሰው ቃሬዛ መሸከም ያውቅበታል፤ ይህ ልማድ እዚህ ላይ ከመድኃኒት አይተናነስም።

እባቡን ለመግደል ማባረር ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው። ከርቀት መልኩን አይቶ ለሐኪሙ መናገር ይበቃል።

መርዙን የሚያከሽፈው ሴረም ብቻ ነው፤ እሱም በጥቂቱ መርዝ ከተወጉ ፈረሶች ደም ይሠራል፤ ለአንዱ እባብ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ለአፍሪካ እባቦች ይመረት የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ ሴረም፣ መድኃኒት አምራቹ ሳኖፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ክምችትም በ2016 ጊዜው አለፈ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተርታ አስገባው። በግምቱ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ ይሞታል።

እዚህ ላይ ባለማሳው ድርሻ አለበት። ለዘርና ለትራክተር የሚያወጣ ሰው ለሠራተኛው ቦቲና ባትሪ መግዛት አያቅተውም፤ ሠራተኛ ከማውረዱ በፊትም ሴረም ያለው የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ ጠይቆ፣ በሌሊትም ቢሆን የሚያደርስ መኪና ማዘጋጀት አለበት።