ማይተር ሶው ልትገዙ ነው? ከዋቱ በፊት ጣውላችሁን ለኩ

ፎገራ ላይ ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገንዘቡ እጅ ሲገባ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል፦ ቤት ማደስ። ጣራ የሚቀይር አለ፣ በርና መስኮት የሚያስገጥም አለ፣ ለሠርግ አልጋና ቁም ሣጥን የሚያዝ አለ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ደግሞ ትልልቅ እንጨት ቤቶች ብቻ አይደሉም። ጓሮው ላይ ቆርቆሮ ዘርግቶ፣ በእጅ መጋዝና በአንድ ትራፓኖ ሥራ የጀመረ ወጣት ወረታ ውስጥም፣ ከወረታ ውጭም አለ።

እንዲህ ያለ ልጅ ትንሽ ብር ሲቋጥር ዓይኑ ከሚያርፍባቸው ማሽኖች አንዱ ተንሸራታች ማይተር ሶው ነው። ቲክቶክ ላይ ስታዩትማ ልብ ይሰርቃል። ሳብ፣ ተጫን፣ ገፋ፤ በቃ፣ ጣውላው እንደ ጎመን ተቀነጠሰ።

ግን ይህ ዕቃ ለብዙ ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ነው፤ ለአንዳንዱም የዕቁብ ብር ነው። ሳይታሰብበት የተገዛ እንደሆነ ወይ ጥግ ይዞ ሰጋቱራ ይጠጣል፣ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ከባሰም ጣት ይወስዳል። ስለዚህ "የቱ ብራንድ ይበልጣል?" የሚለውን ክርክር ዛሬ እንተወውና፣ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁን በቅደም ተከተል እናስረዳችሁ። ዋጋ አንጽፍም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ዛሬ የጻፍነው ዋጋ ነገ ላይሠራ ይችላል።

1. ማሽኑ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ማይተር ሶው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ክብ ዲስኩ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ጣውላን በአግድም የሚቆርጥ መጋዝ ነው። መቀመጫው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚዞር 90 ዲግሪም፣ 45 ዲግሪም፣ በመካከል ያለውንም ይቆርጣል። የበር መቃን፣ የኮርኒስ ሊስቴሎ፣ ዞኮሎ፣ የአልጋ እግር፣ የጣራ ሞራሌ፤ ሥራው ይህ ነው።

የማይሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጣውላን በቁመቱ አይሰነጥቅም። ሁለተኛ፣ 122 በ244 ሴ.ሜ. የሆነ ሙሉ ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ አይከፍልም። ለነዚህ የሚያስፈልገው ሰርኩላር ነው። ስለዚህ ሥራችሁ በአብዛኛው ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት ካቢኔት ከሆነ ብሩ መጀመሪያ መዋል ያለበት ሰርኩላር ላይ ነው። ማይተሩ ይቆያል።

2. ሰፊው ጣውላችሁ ስንት ነው?

ማይተር ሶው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባለበት ቆሞ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። ሌላው ሀዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ትልቁ ልዩነታቸው የሚቆርጡት ስፋት ነው።

255 ሚ.ሜ. (10 ኢንች) ዲስክ ያለው የማይንሸራተት ማሽን በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው 13 ሴ.ሜ. ገደማ ስፋት ነው። 216 ሚ.ሜ. ዲስክ ያለው ተንሸራታች ግን 30 ሴ.ሜ. ገደማ ይደርሳል። አያችሁ? ትንሹ ዲስክ ትልቁን በእጥፍ በለጠው። ለምሳሌ የቦሽ ጂሲኤም 8 ኤስጄኤል የሚባለው ሞዴል በ216 ሚ.ሜ. ዲስክ 31.2 ሴ.ሜ. ስፋትና 7 ሴ.ሜ. ውፍረት ይቆርጣል፤ ክብደቱም 17 ኪሎ ገደማ ነው።

ስለዚህ ደብተር አውጡና ያለፉትን አሥር ሥራዎቻችሁን ጻፉ። ከያንዳንዱ ሥራ ሰፊውን ጣውላ ለኩ። ውጤቱ ራሱ ይነግራችኋል።

• ሁሉም ከ13 ሴ.ሜ. በታች ከሆነ (ሞራሌ፣ ዞኮሎ፣ ሊስቴሎ) ተንሸራታች አያስፈልጋችሁም። የማይንሸራተተው ይቀላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይረክሳል። የሚላላ ሀዲድ ስለሌለው ልኩም ቶሎ አይዛነፍም።
• የአልጋ ጎን፣ የደረጃ ጣውላና መደርደሪያ የምትሠሩ ከሆነ፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ.፣ 216ቱ ተንሸራታች የእናንተ ነው።
• ከ30 ሴ.ሜ. በላይ የሚበዛ ከሆነ ሁለቱም አይበቁም። ወደ ሰርኩላር ተመለሱ።

ውፍረቱንም አትርሱ። 10 በ10 የሆነ ቋሚ 7 ሴ.ሜ. በሚቆርጥ ማሽን አንዴ አይወርድለትም፤ ገልብጦ ሁለት ጊዜ መቁረጥ ይጠይቃል። ዲስኩ ወደ ጎን ሲጋደል ደግሞ የሚቆርጠው ውፍረት የበለጠ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ነገር አለ፦ ባሕር ዛፍ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ዛሬ የቤታችን ማገርም ቋሚም ሆኗል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ውስጡ ውጥረት አለው። ሲቆረጥ ክፍተቱ ተመልሶ ይዘጋና ዲስኩን ነክሶ ይይዛል። ድቡልቡል አጣና ደግሞ መቀመጫው ላይ ይንከባለላል፤ ዲስኩ ሲነካው ተሽከርክሮ እጃችሁን ይዞ ሊሄድ ይችላል። አጣና ለመቁረጥ ብላችሁ ማይተር ሶው አትግዙ። ለእሱ የእጅ መጋዝ ይበቃዋል። ማይተሩ የሚወደው የደረቀና ጎኑ የተስተካከለ እንጨት ነው።

3. "ኮምፓክት" ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ካርቶኑን አይቶ "ትንሽ ነው" ማለት አይሠራም። የተለመደው ተንሸራታች ሀዲዱ ወደ ኋላ ስለሚወጣ ግድግዳ ጥግ አይጠጋም። ብዙ ጊዜ ከፊት እስከ ኋላ 80 ሴ.ሜ.ና ከዚያ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ያዙ፤ ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ለኩ። ትክክለኛው መጠኑ ያ ነው።

ሀዲዱ ወደ ኋላ የማይወጣ ሥሪትም አለ። አንዳንዱ ጭንቅላቱ ወደ ፊት በወጣ ሀዲድ ላይ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በሚታጠፍ ክንድ ይሠራል። እነዚህ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣሉ። ግን ቦታ የማይፈጅ ሁሉ ቀላል አይደለም። ባለ ታጣፊ ክንዱ የቦሽ ጂሲኤም 12 ጂዲኤል ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ደንበኛ ቤት ድረስ በባጃጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው 17 ኪሎና 30 ኪሎ አንድ አይደሉም።

ወርዱንም አስቡ። 4 ሜትር ሞራሌ መሃሉ ላይ ሲቆረጥ በግራ 2 ሜትር፣ በቀኝ 2 ሜትር ይዘረጋል። የቆርቆሮ ቤታችሁ 3 ሜትር ከሆነ እንጨቱ በበር መውጣት አለበት ማለት ነው። ጫፎቹም ከማሽኑ መቀመጫ እኩል ከፍታ ያለው መደገፊያ ይፈልጋሉ።

4. መብራቱ ይችለዋል?

1600 ዋት ማሽን በ220 ቮልት የሚስበው 7.3 አምፔር ገደማ ነው። ጤነኛ የ16 አምፔር ሶኬት አይከብደውም። ችግሩ ያለው ገመዱ ላይና ቮልቴጁ ላይ ነው።

ከጎረቤት በቀጭን ገመድ 30 ሜትር ስባችሁ ብታስነሱት ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል። ያኔ ሞተሩ ይደክማል፣ ዲስኩ እንጨት ውስጥ ይቆማል፣ ሞተሩም ይግላል። በዚሁ ከቀጠለ ይቃጠላል። ማከፋፈያ ካስፈለገ ባለ 2.5 ስኩዌር ገመድ ተጠቀሙ፤ የተጠቀለለውንም ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይሞቃልና። ወፍጮ ወይም የሩዝ መፈልፈያ ባለበት መስመር ላይ ከሆናችሁ አምፑላችሁን ተመልከቱ። ትልቁ ሞተር ሲነሳ አምፑሉ ከደበዘዘ የእናንተም ማሽን በዚያች ሰዓት እየደከመ ነው። በዚያ ሰዓት አትቁረጡ።

ጄኔሬተር ላይ ለሚሠራ፣ ለ1600 ዋት ቢያንስ 3 ኬቪኤ ቢሆን ይመረጣል። ሲነሳ የሚስበው ጉልበት ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ቀስ ብሎ የሚነሳ ማሽን ካገኛችሁ ለጄኔሬተሩም ለቆጣሪውም እፎይታ ነው። የባትሪውን ሥሪት ያሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፦ መብራት በሌለበት ይሠራል፤ ግን ባትሪው ያረጃል፣ ምትኩም ውድ ነው።

5. ከውጭ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ

"ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኛል" የምትሉ፣ ቆም በሉ። የአሜሪካ ማሽን 120 ቮልት ነው። እንዳለ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያድነዋል፤ ነገር ግን ለዚህ ዋት የሚበቃው ከባድም ውድም ነው። ሌላም ችግር አለ። የአሜሪካ 10 ኢንች ዲስክ የመሃል ቀዳዳው 5/8 ኢንች ነው፣ 15.88 ሚ.ሜ. ማለት ነው። ለአውሮፓ የሚሠራው ዲስክ ግን 30 ሚ.ሜ. ነው። ዲስኩ ሲያልቅ ከሱቅ የምትገዙት ላይገጥም ይችላል።

ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣው ከ220 እስከ 240 ቮልት ስለሆነ ስፒናው ብቻ ቢቀየር ይበቃዋል። ለማንኛውም ብር ከመላካችሁ በፊት የማሽኑን የብረት ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ። "220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ" ካላያችሁ አትግዙ። ባትሪ ለሚያመጣ መንገደኛ፣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ነው። 18 ቮልት 5 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 90 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ከ100ው ገደብ በታች ነው።

6. ግማሹ ማሽን ዲስኩ ነው

ርካሽ ማሽን በጥሩ ዲስክ፣ ውድ ማሽንን በደነዘዘ ዲስክ ሊበልጠው ይችላል። ለ216 ሚ.ሜ. 24 ጥርስ ያለው ፈጣን ግን ሻካራ ነው፤ ለሞራሌ ይሆናል። 48 ወይም 60 ጥርስ ለመቃንና ለሊስቴሎ ነው። ተንሸራታች ላይ ጥርሱ ወደ ፊት በጣም ያዘነበለ ዲስክ አትግጠሙ፤ እንጨቱን ነክሶ ጭንቅላቱን ወደ እናንተ ይስባል።

አሉሚኒየም የምትቆርጡ ለአሉሚኒየም የተሠራውን ግዙ። ለቱቦላሬ ብላችሁ የብረት መቁረጫ ድንጋይ ዲስክ የእንጨት ማይተር ላይ እንዳትገጥሙ! መከለያው ለዚያ አልተሠራም፤ ፍንጣሪውም ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ከሄዳችሁ በኋላ እሳት ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የመዞሪያ ፍጥነትም ከማሽኑ ፍጥነት መብለጥ እንጂ ማነስ የለበትም።

7. ሱቅ ላይ አምስት ደቂቃ

• ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ሳቡና ግራና ቀኝ ወዝውዙት። የሚወላገድ ከሆነ ተዉት።
• ስኳድራ ይዛችሁ ዲስኩ ከመቀመጫውና ከኋላ መደገፊያው ጋር 90 መሆኑን እዩ።
• ቁራጭ ጣውላ አስቆርጡ፤ አንዱን ግማሽ ገልብጡና ጫፍ ለጫፍ ግጠሙት። ክፍተት ካለ የምታዩት ስሕተት እጥፉን ነው።
• ካርቦኑና ቺንጋው (ካለው) ወረታ ወይም ባሕር ዳር ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ማሽን በአንድ ካርቦን ይቆማል።

ግማሽ ዲግሪ ስሕተት ምን ያደርጋል? የመስኮት ፍሬም አራት ማዕዘን፣ ስምንት ቁርጥ አለው። ግማሽ ሲባዛ በስምንት፣ 4 ዲግሪ። የመጨረሻው ማዕዘን አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ደንበኛውም አይመለስም።

8. ጣታችሁ መለዋወጫ የለውም

ተንሸራታችን የሚቆርጡት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ አስነሡ፣ ወደ ታች አውርዱ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ቁረጡ። ወደ ራሳችሁ እየሳባችሁ አትቁረጡ፤ ዲስኩ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ወደ ፊታችሁ ሊዘል ይችላል። እጃችሁ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ. ይራቅ። አጭር ቁራጭ በሞርሳ እንጂ በጣት አይያዝም። የጎበጠ ጣውላ ጉብታው ከኋላ መደገፊያው ጋር ይሁን። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ዲስኩ እስኪቆም ሳትጠብቁ አታንሱት። መከለያውን "ያስቸግራል" ብሎ በሽቦ ማሰር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። መነጽርና የአፍ መሸፈኛም አድርጉ።

ማሽኑንም ጠብቁት። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱ ምን እንደሚሆን የ1998ን ክረምት ያየ ሰው አይረሳውም። ውኃው ባይደርስ እንኳ የክረምቱ እርጥበት ሀዲዱን ያዝገዋል። መሬት ላይ አታሳድሩት፤ ከፍ አድርጋችሁ፣ ሸፍናችሁ አስቀምጡ። ሀዲዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ ዘይት አታብዙበት፤ ዘይት ሰጋቱራ ይሰበስባል።

በአጭሩ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጣውላችሁ፣ ቦታችሁ፣ መብራታችሁ፣ ዲስኩ፤ ብራንዱ ከነዚህ በኋላ ይምጣ። እንዲህ ለክታችሁ "ለጊዜው አያስፈልገኝም" ላይ ብትደርሱም አልከሰራችሁም። ያ ብር ደረቅ ጣውላ፣ ጥሩ ስኳድራና ሁለት ሞርሳ ይገዛል፤ ሥራም ያመጣል። ዘንድሮ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ይህን ላኩለት።